ከዓባይ በረሃ በፊት ስዊቹ ይታይ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መኪናውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። "ሽጬው ሌላ እገዛለሁ" የሚለው ሐሳብ እየራቀ፣ "ያለኝን እንዴት ላቆየው?" የሚለው እየቀረበ መጥቷል። ባለ አሮጌ መኪናዎች ከጋራዥ ከሚሰሟቸው ምክሮች አንዱ ደግሞ በሞተሩ ጉልበት የሚዞረውን የራዲያተር ፋን አውጥቶ በኤሌክትሪክ ፋን መተካት ነው። አዴት የሚኖር አንድ ወዳጄ ስለ ላዳ 2101 መኪናው ይህንኑ ተመክሮ አስተያየቴን ጠየቀኝ። "ይሁን፤ ግን ከፋኑ በፊት ስዊቹን ምረጥ" አልሁት። ምክንያቱን እዚህ ላብራራው።

ላዳ 2101 በ1970 እ.ኤ.አ. ቶግሊያቲ በተባለው የሶቪየት ከተማ ከፊያት 124 ተቀድቶ መመረት የጀመረ መኪና ነው። ትንሿን ታክሲ ሁሉ "ላዳ" ብለን እንድንጠራ ያስለመደንም ይኸው ቤተሰብ ነው። ፋኑ የተገጠመው በውሃ ፓምፑ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም በአንድነት የሚያዞራቸው ቺንጋው ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ፋኑ ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲያዘግም ያዘግማል። ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። መኪናው በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ፋኑ ግን ያለ ሥራ እየጮኸ ጉልበት ይበላል። በዚያ ላይ የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚበላው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ መገናኛ አካባቢ ሰልፍ ውስጥ ቆመን ነፋስ በምንፈልግበት ሰዓት ሞተሩ በሚኒሞ ስለሆነ ፋኑም ዳተኛ ነው። የኤሌክትሪኩ ፋን ይህን ይገለብጠዋል። ሙቀቱ ሲደርስ ይነሳል፣ ሲወርድ ይቆማል፤ የሞተሩ ፍጥነት አይመለከተውም።

እስከዚህ ድረስ መካኒኩ ትክክል ነው። ለአዲስ አበባ ሰልፍ ከኤሌክትሪክ ፋን የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። የነዳጅ ቁጠባው ግን እንደሚወራለት አይደለም፤ በእሱ ተማርኮ የሚቀይር ሰው ቅር ይለዋል።

ነገር ግን የወዳጄ መኪና አዲስ አበባ ለመድረስ በሞጣና በቢቸና አድርጋ ደጀን ትመጣለች፤ ከዚያም ዓባይ በረሃ አለ። ደጀንም ጎሃ ጽዮንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር አካባቢ የማያንሱ ከፍታዎች ሲሆኑ፣ ድልድዩ ያለው 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከወንዙ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ መኪና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ በዝግታ፣ ሞተሩ ግን በከፍተኛ ዙር ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ አሮጌው ፋን በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ደካማ የኤሌክትሪክ ፋን የገጠመ ሰው የሚያፍርበት ቦታ ይኸው ነው።

ከፋኑ መጠን ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የውሃው ነገር ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው ለባሕር ወለል ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደጀን ስንደርስ በ92፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ባለችው አዴት ደግሞ 93 ሳይሞላ። መኪናዋ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር መፍያው ወደ ታች ይመጣል ማለት ነው። አየሩም ይሳሳል፤ ደጀን ላይ ፋኑ የሚገፋው አየር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የቀለለ ነው።

ይህን የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደህና ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር መፍያውን ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ለጌጥ ነው። አሁን ወደ ስዊቹ እንምጣ። ለላዳ ከሚሸጡት የሙቀት ስዊቾች አንዱ ፋኑን በ92 ዲግሪ አስነስቶ በ87 ያጠፋል፤ ሌላው በ99 አስነስቶ በ94 ያጠፋል። ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የተቀረጸባቸው ቁጥር ነው። ክዳኑ በሞተ መኪና ላይ የ99ኙን ስዊች የገጠመ የአዴት ሰው ውሃው ይፈላበታል እንጂ ፋኑ አይነሳለትም። አሮጌው ፋን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ዲግሪ ሳይጠብቅ ስለሚዞር የክዳኑን በሽታ ለዓመታት ይሸፍነዋል። ስለዚህም ነው አንዳንዱ መኪና ፋን በተቀየረለት ማግሥት የሚፈላው። የላዳ ቴስታታ አልሙኒየም ነው፤ አንዴ ከመጠን በላይ ከጋለ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑም ይበላል። ያ ወጪ ከፋኑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አዲስ ክዳን፣ ንጹሕ ራዲያተር፣ ኩላንት፣ የ92ቱ ስዊች፣ ከዚያ በኋላ ፋን ነው።

የኤሌክትሪኩም ነገር አለ። ፋኑ ከ10 አምፒር በላይ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። የጥንቱ የላዳ ዲናሞ አቅሙ 42 አምፒር ነው፤ ያም ሞተሩ ሲፈጥን ነው። ማታ፣ በዝናብ፣ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ በርቶ ሰልፍ ውስጥ የቆመ መኪና ከባትሪው እየተበደረ ነው። ሽቦው ወፍራም ይሁን፤ በሪሌይና በራሱ ፊውዝ ይለፍ። በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል በቀጭን ሽቦ የተጎተተ ፋን እሳት ይጠራል።

ለሌሎች መኪኖች በአጭሩ ልናገር። ፔጆ 404 ያለው ሰው ምንም ከማውጣቱ በፊት ያለውን ይመርምር፤ ፋብሪካው በኤሌክትሮማግኔት የሚያዝና የሚለቀቅ ፋን ገጥሞለት ነበርና አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥገና ነው። ቮልስዋገን ያለው ደግሞ ይተወው። የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በዲናሞው ዘንግ ላይ በተገጠመው ፋን ነፋስ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን የሚተካ ተራ የኤሌክትሪክ ፋን የለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን የሚተረጉመው ሠራተኛው አንድን ውጤት በራሱ ኃላፊነት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ አድርጎ ነው። መካኒኩ ፋን ስለገጠመ ብቻ ሥራው አላለቀም። ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን በሚኒሞ አቁማችሁ ፋኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱ ተነስቶ ራሱ ሲጠፋ እዩ። በሽቦው አገጣጠም የተነሳ ቁልፍ ከወጣ በኋላም ሊነሳ ስለሚችል፣ ያን ጊዜ እጃችሁን ኮፈኑ ሥር አታስገቡ። የወጣውን አሮጌ ፋን ከነብሎኑ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጡት፤ ስዊቹ ዓባይ በረሃ ላይ ቢሞት በአንድ ቁልፍ መልሶ ማሰር ይቻላል።