የግቢ ጉድጓድ ውሃ፦ ከማጣሪያው በፊት ምርመራው

ከወንጂ እስከ ዝዋይ፣ ከዚያም ወደ ሀላባ በሚዘልቀው የስምጥ ሸለቆ መስመር ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። መፋቂያም ሆነ የጥርስ ሳሙና አያስለቅቀውም፤ ቀለሙ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ሲሠራ አብሮት የገባ ነውና። መነሻው በልጅነት በተጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆው ግን የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ የያዙ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። በወንጂ ሸዋ የሸንኮራ እርሻ ይህንኑ ውሃ ለዓመታት በጠጡ ሠራተኞች ላይ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ደረሰ፤ አከርካሪያቸው ደንድኖ ጎንበስ ቀና ማለት ያቃታቸው ሰዎች በሐኪሞች ተመዘገቡ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ፍሎራይድ በኢትዮጵያ የገጸ ምድርና የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 አሳትመዋል።

ያ ውሃ ለዓይን ኩልል ያለ ነው። አይሸትም፤ ቢያፈሉትም ፍሎራይዱ አይለቅም።

የጉድጓድ ውሃን አስቸጋሪ የሚያደርገው ብክለቱ አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆኑ ነው። ከላይ የሚወርድ አለ፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የከብት በረት ጎርፍ፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ። ከታች የሚመጣም አለ፤ ፍሎራይድ፣ አርሴኒክ፣ ማንጋኒዝና ዩራኒየም ማንም ሳይጨምራቸው ከዓለቱ ራሱ ይሟሟሉ። በመሃል ደግሞ ቧንቧውና ፓምፑ አሉ፤ ጎምዛዛ ውሃ ከነሐስና ከብየዳ ላይ እርሳስ እየሟሟ ይወስዳል። አንዱን የሚያስወግድ ዘዴ ሌላውን ላይነካው ይችላል፣ አንዳንዴም ያባብሰዋል። ስለዚህ ስለ ማጣሪያ የሚነሳው ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚያገኘው በውሃው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለጀርም ነው፤ በቀናት ውስጥ ሕፃን የሚገድለው እሱ ነውና። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ከተሞች በግቢ ውስጥ ጉድጓድ ማስቆፈር የተለመደ ነው፤ ሽንት ቤቱም የሚቆፈረው በዚያው ግቢ ነው። የተለመደው ምክር በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት ይኑር፣ ጉድጓዱም ከሽንት ቤቱ በላይኛው ተዳፋት ይሁን የሚል ነው። በጠባብ የከተማ ይዞታ ላይ ይህን ማሟላት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ የራስ ሽንት ቤት ቢርቅ የጎረቤት ይቀርባል። አፉ ያልተከደነ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ያልተለሰነና በባልዲ የሚቀዳ ጉድጓድ ደግሞ የክረምቱን ጎርፍ በቀጥታ ይቀበላል።

የጀርም ምርመራ የሚፈልገው ኢ ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ነው። እሱ ከተገኘ ሰገራ ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። የናሙና አወሳሰዱ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ናሙናው ቤተ ሙከራው በሚሰጠው ንጹሕ ጠርሙስ ይቀዳል፣ የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል በእጅ አይነካም፣ በበረዶ ቀዝቅዞ በአንድ ቀን ውስጥ ይደርሳል። በታጠበ የለስላሳ ጠርሙስ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና የሚሰጠው ውጤት የተጻፈበትን ወረቀት ዋጋ እንኳ አያወጣም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ደግሞ ቀላል ዘዴዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 በህንድ የተሞከረው የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ዘዴ የተዘጋጀ ወረቀት ያለበት ጠርሙስ ብቻ ይፈልጋል፤ ውሃው ተጨምሮ ሞቅ ባለ ቦታ ሲያድር ወደ ጥቁር ከተለወጠ በሰገራ መበከሉ ያጠራጥራል። ጊዜውም ወሳኝ ነው፤ በበጋ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ጉድጓድ ከሐምሌ ዝናብ በኋላ እንደገና ሊታይ ይገባዋል።

ጀርምን ማጥፋት ከሁሉም ይቀላል። ማፍላት ይገድለዋል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት የሚል ምክር አለ። «ውሃ አጋር» በሚል ስም እንደሚሸጠው ያለ ክሎሪንም ይሠራል፤ ውሃው ከደፈረሰ ግን ጭቃው ለባክቴሪያው መደበቂያ ስለሚሆን አስቀድሞ ማጥለል ያስፈልጋል። በደቡብ የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ለዚሁ ይውላል። ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለስድስት ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ሰማዩ ከዳመነም ሁለት ቀን ማቆየት፣ ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ ነው። ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውሃ በጀሪካኑና በመቅጃው ጣሳ ቤት ውስጥ መልሶ እንደሚበከል በኢትዮጵያም በሌሎች አገሮችም በተደጋጋሚ ታይቷል። ክሎሪን ውሃው ውስጥ የሚቆይ በመሆኑ በዚህ ረገድ ከማፍላት ይበልጣል።

የማፍላት ልማድ ግን አንድ አደገኛ ጎን አለው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሀንተር ኮምሊ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በአዮዋ ገጠር ቆዳቸው ሰማያዊ እየሆነ ስለሚታመሙ ሕፃናት ጻፉ። ሕፃናቱ የሚጠጡት ወተት የተበጠበጠው በእርሻ ቤቶች ጉድጓድ ውሃ ነበር፤ ውሃው ከበረትና ከፍግ የመጣ ናይትሬት ሞልቶበታል። ናይትሬት በሕፃን አንጀት ተለውጦ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ውሃው በፈላ ቁጥር በእንፋሎት እየቀነሰ ናይትሬቱ ግን እዚያው ስለሚቀር ለልጇ የምትጠነቀቅ እናት ሳታውቅ መጠኑን ታበዛዋለች። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ገደቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ናይትሬት በቀለም መለያ ወረቀት በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታወቅ ከጀርሙ ምርመራ ጋር አብሮ የማይደረግበት ምክንያት የለም።

አንዱን ብክለት ሲሸሹ በሌላው ላይ መውደቅ የቱን ያህል እንደሚከፋ ያሳየችው ባንግላዴሽ ናት። ከኩሬ የሚቀዳ ውሃ ሕፃናትን በተቅማጥ ይፈጅ ስለነበር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኒሴፍና በመንግሥት ድጋፍ ቀጫጭን የፓምፕ ጉድጓዶች በየግቢው ተተከሉ፤ ቤተሰቦችም በራሳቸው ገንዘብ ሚሊዮኖችን ጨመሩ። ጀርሙ ቀነሰ። አርሴኒክን ግን ማንም አልመረመረም። እ.ኤ.አ. በ1993 በጉድጓዶቹ ውስጥ መኖሩ ሲረጋገጥ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጠጡት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶች በመስክ መመርመሪያ ታዩ፤ ከአገሪቱ ገደብ በታች የሆኑት ፓምፖች አረንጓዴ፣ በላይ የሆኑት ቀይ ተቀቡ። ቀይና አረንጓዴ ፓምፖች ጎን ለጎን በሚገኙ ግቢዎች ታይተዋል፤ የጎረቤት ጉድጓድ ውጤት ለራስ ጉድጓድ ዋስትና አይሆንም። በቨርጂኒያ የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ምሁር የሆኑት ትውልደ ባንግላዴሻዊው አቡል ሁሳም በብረት ውህድ፣ በአሸዋ፣ በከሰልና በሸክላ ስብርባሪ የሚሠራ የቤት ማጣሪያ ፈልስፈው እ.ኤ.አ. በ2007 የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አግኝተዋል።

በዚያው ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ዙሪያ ራቅ ብሎ ቤት የሚገዛ ኢትዮጵያዊ ከቤቱ ጋር የራሱን ጉድጓድ ሊረከብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ሕግ የግል ጉድጓድን አይመለከትም፤ መመርመርም ማከምም የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የአገሪቱ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ባደረገው ጥናት ከታዩት 2,100 ገደማ የግል ጉድጓዶች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ቢያንስ አንድ ብክለት ለጤና ከሚመከረው በላይ ነበረበት። ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ቤት ሲሸጥ የጉድጓዱ ውሃ እንዲመረመር በሕግ ታስገድዳለች። በቨርጂኒያ ደግሞ የቨርጂኒያ ቴክ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየካውንቲው ናሙና እየተቀበሉ በአነስተኛ ክፍያ ይመረምራሉ፤ ውጤቱንም ለባለቤቱ ያስረዳሉ። እዚያ ጎልቶ የወጣው ችግር እርሳስ ነው፤ ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረ የመጀመሪያ ውሃ ሲመረመር ከቤቶቹ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከፌዴራሉ የእርምጃ ገደብ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህን የመሰለ የናሙና መቀበያ ለኢትዮጵያ ወረዳዎችም ያስፈልጋል፤ ማጣሪያ ሻጭ ከመርማሪ ቀድሞ ደጃፍ ሲደርስ የሚጎዳው ገዢው ነው። በየአገሩ ሻጮች ይዘውት የሚዞሩት የቲዲኤስ መለኪያ እስክሪብቶ ለዚህ ምሳሌ ነው። የሚለካው የውሃውን ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ሲሆን፣ የሚያሳየው ቁጥር የተሟሟ ጨው ግምት ነው። ባክቴሪያን አያይም። በማይክሮግራም የሚቆጠረውን አርሴኒክም አይለይም። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ውሃው መርዛማ ነው፣ ዝቅ ማለቱም ደኅና ነው አያሰኝም።

ወደ ፍሎራይድ ሲመጣ ማከሙ ከባድ ነው። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው፤ ፍሎራይድን አስሮ የሚያዘቅጠው ካልሲየም ስለሆነ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የወጣው ፍሎራይድ ሟሙቶ ይቀራል። በህንድ ናልጎንዳ ወረዳ ስም የሚጠራው ዘዴ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማማሰልና ማዝቀጥ ነው፤ ዕቃው በቀላሉ ይገኛል፣ መጠኑ ካልተስተካከለ ግን በውሃው ውስጥ አልሙኒየምና ሰልፌት ይተርፋል። አክቲቬትድ አሉሚና የተባለው ማጣሪያ ጥሩ የሚሠራው ውሃው ጎምዘዝ ሲል ስለሆነ በዚህ አካባቢ ውሃ አቅሙ ይቀንሳል። በኢትዮጵያም የተሞከረው የአጥንት ከሰል ርካሽና ውጤታማ ነው፤ አጥንቱ በደንብ ካልተቃጠለ ውሃው ይሸታል፣ ከየትኛው እንስሳ መጣ የሚለው ጥያቄም በአማኞች ዘንድ ስለሚነሳ አምራቹ አስቀድሞ ሊመልሰው ይገባል። ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ፍሎራይድንም፣ ናይትሬትንም፣ አብዛኛውን አርሴኒክም ይይዛል፤ ግን ግፊትና መብራት ይፈልጋል፣ ከሚገባው ውሃ ብዙውን እጅ ያፈሳል፣ ብረት የበዛበት ውሃ ደግሞ ሽፋኑን ቶሎ ይደፍነዋል።

ሁሉም ማጣሪያ ይሞላል። ክሎሪን ሲያልቅ ሽታው ይጠፋል፤ የአጥንት ከሰል ሲሞላ ግን ፍሎራይዱ በዝምታ ያልፋል፤ ያንን የሚያሳውቀው በየጥቂት ወሩ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው። ወጪውን የሚያቀለው መላውን የግቢ ውሃ ለማጣራት አለመሞከር ነው። ለልብስና ለገላ የጉድጓዱ ውሃ እንዳለ ይሆናል፤ መጣራት ያለበት የሚጠጣውና ወጥ የሚሠራበት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ በቀን ከአንድ ጀሪካን ብዙም አያልፍም። ከጣሪያ የተጠራቀመ የክረምት ዝናብ ፍሎራይድ ስለሌለበት፣ ከጀርም ተጠብቆ ከጉድጓዱ ውሃ ጋር ሲቀላቀል መጠኑን ያወርደዋል። የተጣራው ለሁሉ ካልበቃ ደግሞ በቅድሚያ የሚሰጠው እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ላሉ ልጆች ነው፤ የቋሚ ጥርሳቸው ሽፋን የሚሠራው በዚያ ጊዜ ነው።