ጧሪ በደሞዝ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሮም፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ብቅ ብትሉ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ዩክሬንኛና የፔሩ ስፓኒሽ ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። ሐሙስ ግማሽ ቀንና እሑድ የኛ ዕረፍት ነው። «የኛ» ስል የባዳንቴዎች ማለቴ ነው። ባዳንቴ ማለት ሽማግሌ ቤት እያደረች የምታጥብ፣ የምታበላ፣ የመድኃኒት ሰዓት የምትቆጥር ሴት ናት። ቃሉ ጥሬ ትርጉሙ «ጠባቂ» ነው፤ ጣሊያኖች ግሡን ለበግ ጥበቃም ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

የማስታምማቸው ሲኞራ 91 ዓመታቸው ነው። ሞንቴቨርዴ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። የሳሎኑን ቡፌ ስወለውል ፎቶዎቹን መቁጠር ልማድ ሆኖብኛል። የመጀመሪያው ላይ ሲኞራ ከአምስት ወንድምና እህቶቻቸው ጋር ተደርድረዋል፤ ስድስት ናቸው። ሁለተኛው ላይ አንድ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ሦስተኛው ላይ የልጃቸው አንድ ልጅ አለ፤ ጀርመን ነው የሚሠራው፣ ሠላሳን አልፏል፣ አላገባም። አራተኛ ፎቶ የለም።

ጋዜጣው በቁጥር የሚጽፈው ይህንኑ ቡፌ ነው። የሲኞራ ልጅ በተወለደበት ዓመት፣ በ1964 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ጣሊያን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተወለዱ። በ2024 የተወለዱት ወደ 370 ሺህ ናቸው፤ በዚያው ዓመት የሞተው ደግሞ 650 ሺህ ገደማ። ዕድሜያቸው ከ80 በላይ የሆኑት ከ10 ዓመት በታች ካሉት ልጆች በልጠዋል። በኛ ሕንፃ አሥራ ሁለት ቤተሰብ አለ። አምና ሁለተኛ ፎቅ ልጅ ተወለደና እንደ አገሩ ደንብ በሩ ላይ ሮዝ ሪባን ተሰቀለ። ሲኞራ «አውርጂኝ፣ ልየው» ብለውኝ በአሳንሰር ወረድን። በሩ ላይ ስንደርስ ሦስት ባለ ምርኩዝ ጎረቤቶች ቀድመውን ቆመዋል። ሪባኑን በእጃቸው ይዳስሱታል።

ጡረታ የሚለውን ቃላችንን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ከ«ጦረ» ነው የመጣው። ልጅ እናቱን ጦረ እንላለን፤ ላልወለደው «ጧሪ ቀባሪ የለውም» ብለን እናዝናለን። የጣሊያንኛው «ፔንሲዮኔ» ከሥሩ ክፍያ ማለት ነው። የኛው ግን ነገሩን እንዳለ ያወጣዋል። ብዙ ሰው በጉልምስናው ያዋጣው ገንዘብ የሆነ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስለዋል። እዚህ እንዲያ አይደለም። ዘንድሮ ከሠራተኛው የሚሰበሰበው ዘንድሮውኑ ለተጧሪው ይከፈላል። ለአንድ መደበኛ ተቀጣሪ ከደሞዙ 33 በመቶ ያህል ይዋጣል፤ የሚበዛውን አሠሪው ይችላል። እንግዲህ የሲኞራን ጡረታ የሚከፍሉት ከታች አውቶቡስ የሚነዳው ጎረምሳና ፋርማሲዋ ውስጥ የቆመችው ልጅ ናቸው። ከፊሉን እኔም እከፍላለሁ፤ የኔ መዋጮ በየሦስት ወሩ ኢንፕስ ለሚባለው የጡረታ መሥሪያ ቤት ይገባል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የ1964ቱ አንድ ሚሊዮን አሁን ስድሳን እየተሻገሩ ከሥራ መውጫው በር ላይ ናቸው። በመግቢያው በር የሚመጡት፣ በ2004 የተወለዱት፣ ሲወለዱ 560 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከነሱም አንዳንዱ እንደ ሲኞራ የልጅ ልጅ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። አገሪቱ ከዓመት ምርቷ ከ15 በመቶ በላይ ለጡረታ ታወጣለች፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ሲጠየቅ ካዝናው ባዶ ነው ይባላል። ሽማግሌው በምርጫ ቀን አይቀርም፣ ስለዚህ ጡረታውን ለመንካት የሚደፍር ፖለቲከኛ ጥቂት ነው።

ድሮማ እጃቸው ሰፊ ነበር። በ1973 በወጣ ሕግ፣ ባለትዳር ወይም ልጅ ያላት የመንግሥት ሠራተኛ 14 ዓመት ከ6 ወር ከአንድ ቀን ካገለገለች ጡረታ መውጣት ትችል ነበር። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ጡረታ! ሲኞራ ራሳቸው አስተማሪ ነበሩ፤ በዚያ ሕግ የወጣች ጓደኛቸውን ስም ሲያነሱ እስካሁን ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ሂሳቡ የመጣው በታኅሣሥ 2011 ነው። የሥራ ሚኒስትሯ ኤልሳ ፎርኔሮ የጡረታ ዕድሜ መገፋቱን ለማስታወቅ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው «መሥዋዕትነት» የምትለውን ቃል ሳይጨርሱ እንባ አነቃቸው። በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ዛሬ መደበኛው መውጫ 67 ዓመት ነው።

ዕድሜውን ከመግፋት ቀጥሎ ሁለተኛው መላ እኛ ነን። በሕግ የተመዘገበው የቤት ሠራተኛና ተንከባካቢ ከ800 ሺህ ይበልጣል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የውጭ አገር ሰው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴት። ውጭ አገር ሰውን ሲያማርር የከረመ መንግሥት እንኳ ለ2025 ከ80 ዓመት በላይ ያሉትንና አካል ጉዳተኞችን ለሚንከባከቡ ከኮታ ውጭ 10,000 ፈቃድ ጨምሯል። በቤተሰብ ደረጃ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የኔ ደሞዝ ከአንድ ሺህ ዩሮ ትንሽ ይበልጣል፤ መንግሥት ራሳቸውን ለማይችሉ በወር ከ500 ዩሮ በላይ ድጎማ ይሰጣል፤ ቀሪው ከሲኞራ ጡረታ ይሞላል። የሲኞራ ጡረታ እኔን ይከፍላል፣ የኔ መዋጮ ተመልሶ ጡረታ ይሆናል።

መንገዳችን ላይ የነበረው የልጆች ጫማ ሱቅ ተዘግቶ ባለ ጎማ መደገፊያና የወገብ ቀበቶ የሚሸጥ ገብቶበታል። የኔን ቀበቶም የገዛሁት ከዚያ ነው።

እናቴ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ናት። አገራችን የግል ሠራተኛን በጡረታ ማቀፍ የጀመረችው በኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፣ መውጫው 60 ዓመት። እናቴ ግን እንጀራ እየጋገረች ሸጣ ነው ያሳደገችን፤ መዋጮ የቆረጠላት የለም። ጡረታዋ እኔ ነኝ። ገንዘቡን እልካለሁ፤ የምታጥባትና ሽሮ የምትሠራላት ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። አንድ ቀን በቪዲዮ ስንደዋወል እኔ ለሲኞራ ሾርባ እያጎረስኩ፣ ልጅቷም ለእናቴ አጥሚት እያጠጣች ነበር። እናቴ በስልኩ አሻግራ አይታ «እኚህ ሴትዮ ልጅ የላቸውም እንዴ?» አለችኝ። «አላቸው፣ እማዬ፣ ሥራ ላይ ነው» አልኳት። የልጅቷን እናት ማን እንደሚያጎርስ ጠይቄ አላውቅም።

እኔ 58 ሞልቶኛል። እዚህ አገር 35 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የኢንፕስ ወረቀቴ ላይ ግን 19 ዓመት ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ «በሚቀጥለው ወር አስመዘግብሻለሁ» እያለች ዓመታት አሳለፈች፤ ሌሎቹም ከሷ ብዙ አይሻሉም ነበር። ለመደበኛው ጡረታ 20 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። እሱስ ይሞላል፤ 67 ዓመት እስኪሞላኝ ወገቤ መቻሉን እንጃ።

ባለፈው እሑድ የሲኞራ ልጅ ከሚላኖ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ቆይቶ ዘግይቶ ሥራ ስለጀመረ እሱም 67ን ይጠብቃል። «ስንት ቀረሽ?» አለኝ። «ዘጠኝ። አንተስ?» «ስድስት።» እናቱን ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወር ነበረብን። እሱ የዲስክ ሕመም አለበት፤ እኔ ቀበቶዬን አጠበቅኩ። እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ ብብታቸው ሥር ገባንና «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ብለን ስናነሳ ሁለታችንም አቃሰትን።

«ቀስ» አሉ ሲኞራ፣ «ቀስ በሉ፣ ልጆች።»