የመቅደላው የሐር መጋረጃ፦ ጨርቁ ሲናገር ሸማኔው ለምን ዝም አለ?

እኛ ደቡብ ወሎዎች መቅደላ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣልን የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ነው። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም ከአምባው ዘርፎ ከወሰዳቸው ቅርሶች መካከል ግን የሐር መጋረጃዎችም ነበሩ። ዛሬ አንዱ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል።

መጋረጃዎቹ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር የተሸመኑ ናቸው። ክሩ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ ያልፋል፤ ሸማኔው ሰሌዳዎቹን ባዞረ ቁጥር ክሩ እየተጠማዘዘ ምስል ያወጣል። በለንደኑ መጋረጃ ላይ የቤተ መንግሥት ሰዎችና ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ይታያሉ። ዐፄ በካፋን፣ እቴጌ ምንትዋብንና ልጃቸውን ኢያሱን ያሳያል ተብሎ ይታመናል። በካፋ ሲሞቱ ኢያሱ ገና ልጅ ስለነበሩ ሥልጣኑን የያዙት እናታቸው ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ የቤተሰቡን ምስል አሸምኖ በቤተ ክርስቲያን መጋረድ፣ ዙፋኑ የማን እንደሆነ ለሕዝብ መንገር ነው።

ሸማኔውስ? ስሙ አልተጻፈም። በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወስኗል። ርስት ስለተከለከሉም ኑሯቸው በንግድና በእጅ ሙያ ላይ ቆመ። እንግዲህ የዙፋኑን ክብር የሸመነው እጅ፣ በዚያው ዙፋን ሥር መሬት የተነፈገ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል።

በፍልስጤም ግን ባለሙያዋ ራሷ ተናገረች። እስራኤል ከ1967 ጦርነት በኋላ በያዘቻቸው ግዛቶች የፍልስጤምን ባንዲራ ከልክላ ነበር። በ1987 የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ሲፈነዳ ሴቶች ባንዲራውን፣ የአገራቸውን ካርታና የቁድስን ምስል በቀሚሳቸው ላይ ጠለፉ። ከእናት ወደ ልጅ የወረደው ጥልፍ የተቃውሞ ቋንቋ ሆነ። ዩኔስኮም የፍልስጤምን ጥልፍ በ2021 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ በጎንደር ጨርቁ የተናገረው ያሠራውን ሰው ቃል ነው፤ በፍልስጤም የሠራችውን።

በኩታበርና በደሴ ዙሪያ ጋቢና ኩታ እየሸመኑ ልጆች ያሳደጉ አባቶች ዛሬም አሉ። የመቅደላ ቅርሶች ይመለሱ ስንል፣ የእነዚህን አባቶች ስም፣ ሙያና ታሪክ በሕይወት ሳሉ ጠይቀን መጻፍም የእኛው አማና ነው።