የማሳውና የቀፎው ጉርብትና

ስለ ፀረ ተባይ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የሞተ ዓሣና የወደቀ ወፍ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ብዙ ያልተወራለት ጉዳት የሚመጣው ከፀረ አረሙ ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ በብዛት የሚረጨው ቱ-ፎር-ዲ ሰብሉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ያደርቃል። ንቧን እንደ ፀረ ነፍሳት በቁሟ አይጥላትም፤ የሚያጠፋው ቀለቧን ነው። አረም ተብለው የሚደርቁት መጭና አደይ አበባ ክረምቱ ሲወጣ ንብ ከምትቀስማቸው ዋነኞቹ ናቸው። ሞታ የተገኘች ንብ ስለሌለች ንብ አናቢው የሚከሰው ሰው የለውም፤ ቀፎው ብቻ ይሳሳል። በእጅ የታረመው ለላምና ለበሬ ይሰጥ ስለነበር ከብቱም የድርሻውን ያጣል። ገበሬውን መውቀስ ግን አይቀናኝም፤ ለማረም ሰው በጠፋበት ወቅት መርጫ ያዘለ አንድ ሰው የብዙ አራሚ ሥራ ይሠራል።

የፀረ ነፍሳት ጉዳት ግን ፈጣን ነው። ማላታይን ሰብሉ ባበበበት ረፋድ ላይ ከተረጨ ቀሳሚዋ ንብ እዚያው ትቀራለች። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ደግሞ ከዘሩ ጋር ታሽተው እንኳ በተክሉ ውስጥ አልፈው አበባው ላይ ይደርሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ሦስቱን ከሜዳ እርሻ ያገደው ለንብ ሲል ነው።

ከፀረ ነፍሳቱ መካከል ዲዲቲ የቆየ ታሪክ አለው። ነፍሳት ገዳይነቱን በ1939 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ፖል ሙለር በ1948 ኖቤል ተሸለመበት። ችግሩ ዲዲቲ ቶሎ አለመበስበሱ ነው፤ በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቁ፣ ከዓሣ ወደ አሞራ ይሻገራል፤ የአንዳንድ አዕዋፍን የእንቁላል ቅርፊትም ያሳሳል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ለወባና መሰል በሽታ መከላከያ ብቻ ፈቀደው። እኛ ዘንድ ለወባ የመጣው ሾልኮ ጫት ማሳ ገብቷል፤ ቅሪቱም በዝዋይ ሐይቅ ዓሦችና በስምጥ ሸለቆ የውኃ አዕዋፍ ላይ ተገኝቷል። ዝዋይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደግሞ የሽንኩርትና የቲማቲም መስኖ፣ የአበባ እርሻም ነው።

ሕጉ አለ፦ አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ገበያ ላይ ግን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ እየተገለበጠ፣ ጽሑፍ የሌለው መርዝ ይሸጣል፤ ባዶ ዕቃውም ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል።

ለንቧ ቀላሉ ማስተካከያ የመርጫው ሰዓት ነው፤ ንቦች ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ መርጨትና ንብ ላለው ጎረቤት አስቀድሞ መንገር። በአርባ ምንጭ አካባቢ ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬዎች ደግሞ ከዚህም ራቅ ብለው ሄደዋል፤ ከበቆሎ የተዘጋጀ ማባበያ እየረጩ የጥጡን ትል የሚበሉትን ነፍሳት ወደ ማሳቸው ይጠራሉ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ገበሬው ቅጠል እየገለበጠ ጠላቱ ስንት፣ ወዳጁ ስንት እንደሆነ ሳይቆጥር አይረጭም።