የፀሐይ ብርሃን ድንጋይ ሲያሾር

በዚህ ጽሑፍ የፀሐይ ብርሃን በሰማይ ያለውን ድንጋይ እንዴት እንደሚያሾር እናስረዳችኋለን። ተረት ይመስላል፤ ግን ተለክቶ የታወቀ ነው።

በፀሐይ ዙሪያ አስትሮይድ የሚባሉ ብዙ ድንጋዮች ይዞራሉ። እንደ ምድር ሁሉ በራሳቸውም ላይ ይሾራሉ። ፀሐይ ድንጋዩን ታሞቀዋለች፤ እሱም ሙቀቱን መልሶ ያወጣል። ሙቀቱ ሲወጣ ድንጋዩን በጣም በትንሹ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ድንጋዩ እንደ ኳስ ክብ ቢሆን ግፊቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋ ነበር። ትንንሽ አስትሮይዶች ግን እንደ ድንች ጎርባጣ ስለሆኑ ግፊቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ እንደሚያደርጉት ነው፤ በላይ በላዩ ሲነካ ፍጥነቱ ይጨምራል። እንደ ቅርጹ ፍጥነቱ የሚቀንስ ድንጋይም አለ። ይህ ነገር ዮርፕ ይባላል። ስሙ የተሠራው ከአራት ሳይንቲስቶች፣ ከያርኮቭስኪ፣ ከኦኪፍ፣ ከራድዚየቭስኪና ከፓዳክ ስሞች መጀመሪያ ፊደል ነው።

እንዴት ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ አስትሮይድ ተገኘ። በ12 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይሾራል። ሳይንቲስቶች ከ2001 እስከ 2005 ተከታተሉት። የአንዱ ዙር ጊዜ በየዓመቱ በሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ያህል ያጥራል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር የሚለካው ድንጋዩ በዓመት 43 ሺህ ጊዜ ያህል ስለሚሾር ነው፤ ትንሹ ልዩነት ይጠራቀማል። ውጤቱ በ2007 ታተመ፤ ድንጋዩም ዮርፕ ተባለ። በዚሁ ከቀጠለ በ600 ሺህ ዓመት ያህል ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። እናንተ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምትሉት ይህንን ነው።

ብዙ አስትሮይዶች አንድ አለት ሳይሆኑ የድንጋይና የጠጠር ክምር ናቸው። ክምሩ ከ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ባነሰ ጊዜ አንድ ዙር ከሾረ ሊበተን ይችላል። እዚህ በነገቭ፣ በሚጽፔ ራሞን፣ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የኮከብ መመልከቻ አለ። ከዚያ የተመለከቱ ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ጋር 35 ጥንድ አስትሮይዶችን አጠኑ። ጥንዶቹ በፍጥነት ሲሾር ከተከፈለ ድንጋይ እንደወጡ በ2010 አሳዩ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ወደ ምድር የሚመጣ አስትሮይድ ቢኖር ገፍቶ ከመንገዱ ለማስወጣት፣ አለት ይሁን ክምር ማወቅ ያስፈልጋል። በ2022 የአሜሪካ መንኮራኩር ዲሞርፎስን ለሙከራ መትቶ መንገዱን ለወጠ። ዲሞርፎስ ዲዲሞስ የሚባለውን አስትሮይድ ይዞራል። ዲዲሞስ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ አንድ ጊዜ ስለሚሾር ለመበተን ቅርብ ነው። ሳይንቲስቶች ዲሞርፎስ ከእሱ ከወጣ ድንጋይና ጠጠር የተሠራ ነው ብለው ያስባሉ።