የጣት ላይ መለኪያና ያልተለፋበት ጥቅም

ከቆዳ ቀለም የሚመነጭ ያልተለፋበት ጥቅም የሚባለው አንድ ሰው ሳይጠይቀውና ሳይደክምለት፣ ብዙውን ጊዜም መኖሩን ሳያውቀው፣ የሚኖርበት ኅብረተሰብ አስቀድሞ ያመቻቸለት ምቹ ሁኔታ ነው። አሜሪካዊቷ ምሁር ፔጊ ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1988 ይህንኑ ሲያስረዱ ከዘረዘሯቸው የዕለት ተዕለት ምሳሌዎች አንዱ የቁስል ፕላስተር ነበር፤ «የሥጋ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ፕላስተር የሚመስለው የነጮችን ቆዳ ብቻ ነውና። ፕላስተር ቅር ቢያሰኝ እንጂ ሰው አይገድልም። በሕክምና ክፍል ውስጥ ግን በዚያው አስተሳሰብ የተሠሩ፣ ነገር ግን በታማሚው ሕይወት ላይ የሚወስኑ መሣሪያዎች አሉ።

ከእነዚህ መካከል በጣት ላይ ተቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን በመቶኛ የሚያሳየው ፐልስ ኦክሲሜትር ይገኛል። መሣሪያው በጣት ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ ቀይ ሲሆን ሌላው በዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ነው። ኦክስጅን የተሸከመውና ያልተሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደምን ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ እነዚህን ብርሃኖች የሚመጥጡት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ መሣሪያው ከጣቱ ማዶ የደረሰውን ብርሃን አነጻጽሮ ቁጥር ያወጣል። ይሁንና ንጽጽሩ ወደ መቶኛ የሚቀየረው ቀደም ሲል በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ በተሠራ ልኬት አማካይነት ሲሆን፣ ከፈቃደኞቹ አብዛኞቹ ቆዳቸው የነጣ ከነበረ፣ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን የሚመጥጥበት መጠን በስሌቱ ውስጥ በበቂ ሁኔታ አይገባም። ውጤቱም ጥቁር ቆዳ ባለው ታማሚ ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ መታየቱ ነው፤ ስሕተቱም በሚያዘናጋው አቅጣጫ ያጋደለ ስለሆነ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል።

ይህ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ተመልክቶ ሳለ ለ30 ዓመታት ያህል የአልጋ ዳር አሠራርን ሳይለውጥ ቆየ። በኮቪድ 19 ወረርሽኝ መካከል፣ በ2020 መጨረሻ፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣት ላይ የተገኘውን ቁጥር ከደም ቅዳ ቧንቧ በተወሰደ ደም ላይ ከተሠራው ትክክለኛ ምርመራ ጋር አነጻጸሩ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየባቸው ልኬቶች መካከል ትክክለኛው መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ላይ ከተደረጉት በ3.6 በመቶው ሲሆን፣ በጥቁሮች ላይ ከተደረጉት ግን በ11.7 በመቶው ነበር። በዚያ ወቅት ኦክስጅንና መድኃኒት የሚሰጠው ይህን ቁጥር እየተመለከቱ ስለነበር፣ ትንፋሽ አጥሮት በአልጋው ላይ የሚያቃስት ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችል ነበር ማለት ነው።

ጥቅሙን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ነጩ ታማሚ ምንም የተለየ ነገር አልተደረገለትም፤ ያገኘው ነገር ቢኖር በእርሱ ላይ ሊደርስ ይችል የነበረ ስሕተት አለመድረሱ ብቻ ነው፤ ያልደረሰ ነገር ደግሞ አይታይም፣ በታማሚው ካርድ ላይም አይጻፍም። ቁጥሩን ያነበበችው ነርስም በልቧ ክፋት አልነበረም፤ ምናልባትም በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎች እንደሚሠሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሶች እርሷ ራሷ ጥቁር ልትሆን ትችላለች። «ሁሉንም ታማሚ በእኩል ዓይን አያለሁ» የሚለው የሙያው ኩራት ከልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ለአንዱ በትክክል ለሌላው በግምት የሚለካን መሣሪያ ለሁሉም እኩል ማመን እኩልነት አይደለም። ስለዚህ ጥቅሙን ማወቅ የጸጸት ወይም የጥፋተኝነት ስሜት ጉዳይ ተደርጎ ባይወሰድ ይመረጣል፤ ቁጥርን በትክክል ማንበብ መቻል ነው፣ እርሱም የሙያ ብቃት ነው።

ጉዳዩ በመሣሪያ ብቻ አያበቃም፤ በቃላትም ውስጥ ይገኛል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ያስተዋወቁት የአራስ ልጅ መመዘኛ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የማዋለጃ ክፍሎችም የሚሠራበት፣ ለቀለም ሙሉውን 2 ነጥብ የሚሰጠው የልጁ ገላ በሙሉ «ሮዝ» ሲሆን ነው። ልምድ ያላት አዋላጅ ይህን መስፈርት እንደ ቃሉ አትተገብረውም፤ የልጁን ከንፈርና ምላስ፣ መዳፉንና ውስጥ እግሩን አይታ ትፈርዳለች። ለረጅም ጊዜ በተኛ ታማሚ ላይ የሚጀምረውን የአልጋ ቁስልም የመማሪያ መጻሕፍት በቆዳ መቅላት ይገልጹታል፤ በጠይም ወይም በጥቁር ገላ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ ጎበዝ ነርስ በእጇ ጀርባ የቦታውን ሙቀት፣ በጣቶቿ ደግሞ መጠንከሩን ከአካባቢው ቆዳ ጋር ታነጻጽራለች። ይህ በመጽሐፉ ዋና ገጽ ላይ ሳይሆን ከሥራ ባልደረባ የሚገኝ ዕውቀት መሆኑ ራሱ መጽሐፉ ማንን አስቦ እንደተጻፈ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለው የተዛባ አሠራር ግን ሊታረም የሚችል ነው። በአሜሪካ የኩላሊትን ሥራ የሚገምተው ቀመር ጥቁር ለሆነ ታማሚ ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ስለነበር፣ የብዙዎች ኩላሊት ከእውነቱ ይልቅ ደህና መስሎ እየታየ ወደ ንቅለ ተከላ ወረፋ የሚገቡበት ጊዜ ይዘገይ ነበር። በ2021 ዘርን የማይጠይቅ ቀመር ተተካ፤ በ2023 ደግሞ ሆስፒታሎች የተጎዱትን ጥቁር ታማሚዎች የወረፋ ዘመን ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲያስተካክሉ ታዘዙ። በዚህ እርምጃ ስሕተቱን ማመን ብቻ ሳይሆን የተወሰደባቸውን ጊዜ መመለስም ስለታከለበት፣ ሊመሰገንና አርአያ ሊሆን የሚገባው ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የኦክስጅን መለኪያ ሲፈተሽ ቢያንስ ሁለት ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ወይም ከተሳታፊዎቹ 15 በመቶው እንዲካተቱ ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ በጥር 2025 ባቀረበው ረቂቅ የተሳታፊዎቹ ቁጥር 150 እና ከዚያ በላይ እንዲሆንና የቆዳ ቀለማቸውም በስፋት እንዲለያይ ሐሳብ አቅርቧል። ይሁን እንጂ ቀደም ብለው የተሸጡት መለኪያዎች አሁንም በታማሚዎች ጣት ላይ ናቸው፤ ታማሚው ሁሉ ማለት ይቻላል ጠይም ወይም ጥቁር በሆነበት በኢትዮጵያም የሚሠራባቸው መለኪያዎች ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ስለሆነም የሕክምና መሣሪያ ግዢ የሚፈጽሙ ኃላፊዎች ለአቅራቢው የዋጋና የዋስትና ጥያቄ ሲያቀርቡ መሣሪያው በምን ዓይነት ቆዳ ላይ እንደተፈተሸ የሚያሳይ ሰነድም ይጠይቁ፤ በአልጋ ዳር ያሉ ባለሙያዎችም የታማሚው አተነፋፈስና ሁኔታ ከቁጥሩ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ታማሚውን ይመኑ፣ የሚቻል ከሆነም የደም ቅዳ ምርመራ ያዝዙ።