ጡጦው ይቅር፣ እቅፉ አይቅር

ልጅዎ ቀን ቀን ፖፖ ላይ መቀመጥ ለምዷል። «ሽንቴ መጣ» ማለትም ጀምሯል። ቤተሰቡ ያጨበጭብለታል፣ እሱም ኩራት ይሰማዋል። ሌሊቱ ግን እንደ ቀኑ አይደለም። ጠዋት ሲነሱ ዳይፐሩ ሞልቶ ፈስሷል፣ አንሶላው ርሷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ አንሶላ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ልጁን እንጂ ተኝቶ የሚጠባውን ጡጦ አናይም። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የልጅ ፊኛ ምን ያህል ሽንት እንደሚይዝ ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ በዕድሜው ላይ 1 ይደመርና በ30 ይባዛል። በዚህ ግምት የ2 ዓመት ልጅ ፊኛ 90 ሚሊ ሊትር፣ የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። ትልቁ ጡጦ ሲሞላ 240 ሚሊ ሊትር ነው። የጠጣው ሁሉ ሽንት ሆኖ ባይወጣም፣ ትንሿ ፊኛ እስከ ጠዋት እንድትችለው መጠበቅ ይከብዳል።

ጉዳቱ በአንሶላ ብቻ አያበቃም። ስንተኛ ምራቃችን ይቀንሳል፤ ጥርስን የሚያጥብ ነገር የለም ማለት ነው። ልጁ ጡጦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ሲተኛ የወተቱ ስኳር ጥርሱ ላይ ያድራል፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶችም ቀድመው ይበሰብሳሉ። በዚያ ላይ በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ የላም ወተት የሚጠጣ ልጅ ሆዱ በወተት ስለሚሞላ ምግብ ይቀንሳል፤ ለብረት እጥረትና ለደም ማነስም ይጋለጣል። «ልጄ ወተት ይወዳል፣ ምግብ ግን አይበላም» የሚሉ ከሆነ መልሱ ጡጦው ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጡጦውን ዛሬውኑ መጣል ነው? አይደለም። ከ1 ዓመት በላይ የሆነና እራቱን በልቶ የተኛ ጤነኛ ልጅ ጡጦ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ርቦት ወይም ጠምቶት አይደለም። ጡጦው ማለት እቅፍዎ ነው፤ ድምፅዎ፣ ሙቀትዎ፣ የቀኑ መጨረሻ ነው። ጡጦውን ነጥቀው እቅፉንም አብረው ከወሰዱበት ቢያለቅስ አይፍረዱበት። መቅረት ያለበት መጠጡ ብቻ ነው።

እንዲህ ይጀምሩ። መጀመሪያ ወተቱን ከአልጋ ወደ ማዕድ ያምጡት፤ በኩባያ፣ ከእራት ጋር፣ ከመኝታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ። የመኝታው ጡጦ አልቆም ካለ በየ2 ወይም በየ3 ሌሊቱ 30 ሚሊ ሊትር ይቀንሱለት። 240 የነበረው በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ያልቃል፤ ልጁም ብዙም ሳያውቀው ይለምደዋል። በጡጦው ፋንታ የማይለዋወጥ ቅደም ተከተል ያስይዙት፤ ጥርስ መቦረሽ፣ ፖፖ፣ አንድ ተረት፣ ከዚያ አንዴ እንደገና ፖፖ፣ በመጨረሻም እሹሩሩ ወይም ጀርባውን መታ መታ ማድረግ። በጨለማ እንዳይፈራ ፖፖውን ከአልጋው አጠገብ ያስቀምጡለት፤ ትንሽ መብራትም ይተዉለት።

ውሃ ግን አይከልክሉት። ቀን ላይ፣ በተለይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ፣ ደህና አድርጎ ይጠጣ። ቀኑን ሳይጠጣ የዋለ ልጅ ነው ማታ ውሃ ውሃ የሚለው። ጨው የበዛበት እራትም ያስጠማል፤ ስለዚህ ማታ ለእሱ ለስለስ ያለ አልጫ ይሻላል። በመኝታ ሰዓት ጠማኝ ካለ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ይበቃዋል። ሻይ ግን አይስጡት፤ እንቅልፍ የሚነሳ ካፌይን አለው፤ ከምግብ የሚያገኘውን ብረትም ሰውነቱ በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። ሆድ ድርቀትንም ልብ ይበሉ፤ የሞላ አንጀት ፊኛን ስለሚጫን ሽንት ያስቸኩላል።

ጡት ለሚጠባ ልጅ ጉዳዩ የተለየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት ማጥባት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል፤ ፖፖ ስላስጀመሩ ብቻ ጡት ለማስጣል አይቸኩሉ። ሐኪም ለክብደቱ ብሎ ተጨማሪ ወተት ያዘዘለት ልጅ ካለዎትም ከመቀነስዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።

ቤት ውስጥ አያት ወይም ሞግዚት ካሉ ከእነርሱ ጋር ሳይስማሙ አይጀምሩ። እርስዎ የቀነሱትን ጡጦ አያት «ልጁ ተርቦ እንዴት ይተኛል?» ብለው ቢሞሉት፣ ልጁ የሚማረው ረዘም አድርጎ ማልቀስን ነው። ከመከራከር ይልቅ ሥራውን ያካፍሏቸው። «እማዬ፣ ወተቱን ከእራቱ ጋር በኩባያ አንቺ ስጪው፤ ስትተርቺለት ደግሞ ቶሎ ይተኛል» ቢሏቸው ደስ ብሏቸው ይረዱዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጡጦው ቀርቶም ልጅዎ ሌሊት ሊሸና ይችላል። ሌሊት ሽንት እንዲቀንስ የሚያደርገው ሆርሞን፣ የፊኛው መጠንና ፊኛ ሲሞላ አንጎልን የሚቀሰቅሰው መልእክት በእያንዳንዱ ልጅ በየራሳቸው ጊዜ ይበስላሉ። በሥልጠናም በቁጣም አይፋጠኑም። ሐኪሞች እስከ 5 ዓመት ድረስ አልጋ ላይ መሽናትን እንደ ችግር አይቆጥሩትም፤ 5 ዓመት ከሞላቸው ልጆች እንኳ ከመቶ 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ። በዘርም ይሄዳል። እስቲ እርስዎ በስንት ዓመትዎ እንዳቆሙ እናትዎን ይጠይቁ።

ስለዚህ «ሽንታም» የሚለው ቃል ከቤትዎ ይውጣ። በታላላቆቹ ወይም በጎረቤት ልጆች ፊት የተባለ እንደሆነ ልጁ ሽንቱን አያቆምም፤ መደበቅን ግን ይማራል። የረጠበ ሱሪውን አልጋ ሥር ይወትፋል፤ እንቅልፍንም ይፈራል። ከዚህ ሁሉ ፍራሹ ላይ ውሃ የማያስገባ ልባስ ማድረግና ሌሊት ዳይፐር ማልበስ ይሻላል። ቀን በፖፖ፣ ሌሊት በዳይፐር መሆን ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ልጁን ከእንቅልፉ ሳይነቃ ተሸክሞ ማሸናትም አንሶላውን ያድን ይሆናል እንጂ ፊኛውን ምንም አያስተምረውም።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ልጅዎ ሲሸና የሚያመው፣ ትኩሳት ያለው ወይም ለወራት ደርቆ ቆይቶ እንደገና የጀመረ ከሆነ ይውሰዱት። ቀንም ሌሊትም ውሃ አልበቃው ካለ፣ ሽንቱ ከበዛና ከከሳ ደግሞ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ያስመርምሩት፤ የስኳር በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ዳይፐሩ በተከታታይ ለብዙ ጠዋቶች ደርቆ ሲገኝ ያን ጊዜ ያውልቁለት። ከዚያ በኋላም የሚረጥብ ሌሊት ይኖራል። አንሶላውን ይቀይሩ፣ ደረቅ ሱሪ ያልብሱት፣ «አይዞህ» ብለው መልሰው ያስተኙት።